ከጋቢው ስር

ዛሬ ወደ ኬለሩ፣ ወደ ሕንፃችን ምድር ቤት፣ ስወርድ በባልዲ የተዘፈዘፈው ጌሾ ሸተተኝና ሟቹ አያቴ፣ አባባ፣ ከኋላዬ የቆሙ መሰለኝ።

አምና ለሴት አያቴ ለእማማ ተዝካር ጠላ የጠመቅነው እዚሁ ነበር። የፍራንክፈርት ብርድ እንዳያበላሸው አባባ ሙቀት መቆጣጠሪያ በእጃቸው ሠሩ። ሲበርድ ቀጭ ብሎ ማሞቂያውን ያበራል፤ ሲሞቅ ያጠፋል። ማጥፋቱን ግን እምቢ አለ።

«ኧረ አባባ፣ ጠላው ሊቀቀል ነው!»

«ቀልጂ አንቺ! ተዝካሯን በውሃ ላወጣ ነው እኮ።»

ሽቦውን ሁሉ ፈትሸን ጥፋቱን ያገኘሁት እኔ ነኝ! አባባ በርሜሉን በእማማ ጋቢ ጠቅልለው፣ የመቆጣጠሪያውን ሙቀት መለኪያ ከጋቢው ውጭ አስረውታል። የሚለካው የኬለሩን ብርድ ነበር። መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ ጋቢውን እየዳበሱ፣ «ከውጭ ሆኖ የሚለካ ሁሌ በረደ ነው የሚለው» አሉኝ።

የዘንድሮው ጠላ ለእሳቸው ተዝካር ነው። በርሜሉን በዚያው ጋቢ ጠቅልዬ መለኪያውን ከስሩ አስገባሁና መቆጣጠሪያውን አበራሁት። በርሜሉ ገና ባዶ ነው፤ ማሞቂያውንም አልሰካሁም። ቁጥሩ ግን ቀስ እያለ ወጣ። የሰው እጅ ሙቀት ላይ ሲደርስ ቀጭ ብሎ አጠፋ።

«አባባ?» አልኩ።

በርሜሉን ለመሙላት እጄ እምቢ አለኝ።