የመርሳው ሞተርና ትልቁ ሴንሰር

ጋሽ ዮሐንስ በመርሳ ዙሪያ የኤሌክትሪክ ሞተር መጠገን ከጀመሩ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። የካቻቢቴውን ጫፍ የሞተሩን ዘንግ የሚሸከመው ኩሽኔታ ላይ ደገፍ አድርገው እጀታውን ከጆሯቸው ያጣብቃሉ። እኛ በደጉ ዘመን «ድምፅ በጠጣር አካል ውስጥ ፈጥኖ ይጓዛል» ብለን ከመጽሐፍ የሸመደድነውን እሳቸው ከሞተር ተማሩት።

የመስኖ ማኅበሩን ሊቀ መንበር ግርማን ግን ይህ ጥበብ ያሳፍረው ነበር። ወልድያ ሄዶ የሦስት ቀን ሥልጠና ወስዶ ከተመለሰ ወዲህ «ንዝረት» የምትለውን ቃል ሳይጨምር ሰላምታ እንኳ አይሰጥም። የማኅበሩን የውኃ መሳቢያ ሞተር ንዝረት የሚለካ ሴንሰር ይገዛ ተባለ። ጋሽ ዮሐንስ ትንሹ እንዲመረጥ ኮሚቴውን ለመኑ፤ ትንሹ ረቂቁን ንዝረት ይለያል፣ ትልቁ ለድንጋይ መፍጫ የተሠራ ነው፣ የእኛን ሞተር ጭራሽ አይሰማውም አሉ።

«ጋሽ ዮሐንስ፣ አንቱ ቁጥር አይወዱም። ትልቁ እኮ መቶ እጥፍ ይለካል» አለ ግርማ።

«በጭነት መኪና ሚዛን በርበሬ መዝነህ ታውቃለህ?»

ኮሚቴው ሳቀ፤ ስቆ ሲጨርስም ለትልቁ እጁን አወጣ። ያም አልበቃ ብሎ፣ ኩሽኔታው አጠገብ መሆን ሲገባው ለጎብኚ እንዲታይ በሚል ስሱ የማራገቢያ ክዳን ላይ በማስቲሽ ተለጠፈ። የሴንሰሩ ስክሪን «ጤነኛ» ብሎ አረንጓዴ በራ፤ ግርማም ከአረንጓዴው ጋር ፎቶ ተነሣ።

ከወር በኋላ ጋሽ ዮሐንስ ኩሽኔታው ሲፋጭ ሰሙ። ነክሶ ከቆመ የሞተሩ ጥቅል ሽቦ ይቃጠላል። ሌላ ሞተር የለም፤ የሰማንያ አባወራ ሽንኩርት ደግሞ በዚያ ሙቀት ያለ ውኃ ሳምንት አይቆይም። ኩሽኔታውን ልቀይር፣ ሞተሩ ግማሽ ቀን ይቁምልኝ ቢሉ ግርማ ስክሪኑን አሳያቸው። በዚያ ላይ ሐሙስ እንግዶች ሴንሰሩን ሊያዩ ይመጣሉ፤ በቆመ ሞተር እንግዳ አይቀበልም።

ሐሙስ ግርማ ለእንግዶቹ እያስረዳ ሳለ ጋሽ ዮሐንስ ቀስ ብለው ሄዱና ማብሪያውን አጠፉት። ሞተሩ አቃስቶ ቆመ። ስክሪኑ ያችኑ ቁጥር፣ ያንኑ አረንጓዴ ይዞ ቀረ።

«አሁንም ጤነኛ ነው ይላል» አሉ።

ሞተሩ እዚያው ተፈታ። የወጣው ኩሽኔታ ኳሶቹ ተላልጠው፣ መያዣቸው ለሁለት ተከፍሎ ተገኘ። አዲስ ተተካ፤ አመሻሹ ላይ ውኃው ቦዩ ገባ።

በማግስቱ ግርማ ሴንሰሩን «አስተማማኝ» ብሎ ሪፖርት ላከ። ለጋሽ ዮሐንስ ደግሞ ያለ ፈቃድ ሞተር አቁመዋል የሚል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሰጣቸው። እሳቸውም የእጃቸውን ግሪስ ሳይታጠቡ ፈረሙ።