«ቅባት» ብዬ የጻፍሁበት ቅጽ

ይህ የሆነው ከሁለት ዓመት በፊት ቢቸና ውስጥ ነው። እስከ ዛሬ የማልረሳው ጥርጣሬዬ ያለ ቦታው ሲያርፍ በዓይኔ ስላየሁ ነው።

ሙያዬ ከሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ሽፋን ቅባቱን መለየትና ማጥራት ነው። የጠራውን ቅባት ከሕሙማን ደም ጋር አገናኝቼ፣ የሰውነትን መከላከያ የሚቀሰቅሰው የትኛው እንደሆነ አጠናለሁ። ደም ካልተገኘ ጥናት የለም።

ቢቸና ጤና ጣቢያ ሥራ በጀመርሁ በሦስተኛው ቀንም አንድ ሰው እንኳ ደሙን አልሰጠኝም። ደም ለመስጠት የሚፈረመውን የፈቃድ ቅጽ ለሕሙማን የምታነብልኝ ነርስ የሞጣ ልጅ ናት። ሞጣ ላይ ደግሞ ሥራዬን በራሱ ስም ያሳተመ የቀድሞ ባልደረባዬ ይኖራል። ነርሷ በር ዘግታ ወደ ሞጣ ስትደውል፣ «ይህ ነገር እዚህ አይሆንም» ስትል ሰማኋት። ከእርሱ ጋር ሆና ሥራዬን እንደምታሰናክል ለእኔ በቂ ማስረጃ ነበር።

በዚያው ቀን፣ ሳል ከያዛቸው ሁለት ወር ያለፋቸው የቅኔ መምህር መጡ። ነርሷ ማንበብ ስትጀምር እጃቸውን አነሡ።

«ልጄ፣ ይህ ቅባት የምትይው ከማን የወጣ ነው?» ሲሉ እኔን ጠየቁኝ።

«ከባክቴሪያው፣ የኔታ።»

«በጉባኤ ያልተፈታውን በመርፌ ልትፈቱት መጣችሁ?»

ጋቢያቸውን ሰብስበው ወጡ። ለምርመራ አክታ እንኳ አልሰጡም።

«ከሞጣ የታዘዝሽው ይህንን ነው?» አልኋት ነርሷን።

«ዶክተር፣ የደወልሁት ለአጎቴ ነው፤ ቄስ ናቸው። ሌላ ቃል ይፈልጉልኝ ብዬ ነው።» የቅጹን ርእስ በጣቷ አሳየችኝ፤ «የቅባት ጥናት» ይላል። «እኛ አገር ቅባት ካህናቱን ከጥንት ጀምሮ በወገን የከፈለ የሃይማኖት ክርክር ስም ነው። ሰዉ ማን ከየትኛው ወገን እንደሆነ በደሙ ሊለዩት የመጡ መስሎታል። ልነግርዎ እልና ፊትዎን ሳይ እተወዋለሁ።»

ቃሉን የጻፍሁት እኔው ነኝ።

በማግሥቱ «የጀርሙ ልባስ» ብዬ ቀይሬ ከነርሷ ጋር የኔታ ቤት ሄድን። ቅጹን ራሳቸው አነበቡት።

«ቃሉን ለውጠሽዋል፤ የመጣሽበትን ግን አላውቅም። አክታዬን ለሕክምናው እሰጣለሁ፤ ደሜን አልሰጥም» አሉ።

ነርሷ ልትለምናቸው ስትል አስቆምኋት።

አክታቸው ውስጥ ባክቴሪያው ተገኘ፤ መድኃኒቱን ጨርሰው ድነዋል። ሌሎች ደማቸውን ሰጡ፤ የእርሳቸው ግን በጥናቴ ውስጥ የለም።

ነርሷን ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፤ ተቀበለችኝ እንጂ አመነችኝ ማለት አልችልም። የኔታን ግን ዛሬም አልቀየማቸውም። በእርሳቸው ቦታ ብሆን እኔም አልሰጥም ነበር።