ተረከዜና እናቴ ያልሸኘችኝ ጠዋት

ከትውልድ ከተማዬ ከሮብ ገበያ የወጣሁት ገና ጎሕ ሳይቀድ ነው። ወደ ደብረ ማርቆስ የሚወስደኝ ሚኒባስ ክላክሱን እያንባረቀ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ጋቢውን ተከናንቦ ሊሸኘኝ ወጥቶ፣ ከጮቄ ተራራ የሚወርደው ብርድ የሁላችንንም አፍንጫ እያስለቀሰ ሳለ፣ እናቴ ብቻ ከመደቡ ላይ አልተነሣችም። ጉልበቷን ሳምሁ፣ መረቀችኝ፣ "በል ሂድ፣ መኪናው ጥሎህ እንዳይሄድ" አለችኝ፤ በቃ። ይህች ሴት እኮ ወንፊት ልትዋስ የመጣችን ጎረቤት እንኳ እስከ አጥሩ በር ሳትሸኝ የማትመለስ ናት! እኔን፣ የበኩር ልጇን፣ ባሕር ማዶ ስሄድ እስከ ደጃፉ አልወጣችልኝም።

ብዙ የማንበብ ጣጣው ይሄ ነው፤ አንዲት ሴት ከመደብ ካልተነሣች ትርጓሜ ትፈልግላታለህ። ሚኒባሱ ከተማዋን ሳይለቅ አንድ አገኘሁ፦ ተቀይማኛለች። ደብረ ማርቆስ ስደርስ ሌላ፦ ስታለቅስ እንዳላያት ነው። አውሮፕላኑ ላይ ሦስተኛው መጣ፤ መሄዴን ከልቧ አልፈቀደችም፣ ምርቃቱም የይሉኝታ ነበር። ይህን ሦስተኛውን ነው ይዤ የኖርሁት። በየሳምንቱ እደውላለሁ፣ ስለ ገብሱም ስለ ላሟም እንጫወታለን፣ "ያን ጠዋት ለምን አልተነሣሽም?" የምትለው ጥያቄ ግን ከጉሮሮዬ አታልፍም። እናት እንዲህ ተብላ ትጠየቃለች?

እንግዲህ ጀርመን ገባሁ። አገር ቤት ላላችሁት ልንገራችሁ፣ ብርዱ ከእኛ አይብስም፤ ግን የእኛ ብርድ ፀሐይ ስትወጣ ያፍራል፣ የዚህኛው አያፍርም። ድንቹም የሮብ ገበያን ድንች ይመስላል፤ ሲበሉት ድንችነቱን ረስቶታል። ሥራዬ መጋዘን ውስጥ ነው። ደብረ ማርቆስ ስለ ሰው ልጅ ነፃነት ሳስተምር የኖርሁ ሰው፣ እዚህ ቀኑን ሙሉ ሲሚንቶ ላይ ቆሜ የሌላ ሰው ጫማ በካርቶን አሽጋለሁ። ትንሽ ቆይቶ የቀኝ ተረከዜ አመፀ። ጠዋት ከአልጋ ወርጄ የመጀመሪያዋን እርምጃ ስረግጥ ሚስማር ላይ የቆምሁ ይመስለኛል፤ ጥቂት ከተራመድሁ በኋላ ይተወኛል። ለማንም አልተናገርሁም። ምን ተብሎ ይወራል?

ያወቀችብኝ አከራዬ ናት። ፍራው ክሩገር ከእኔ ክፍል በታች የምትኖር፣ ጡረታ የወጣች፣ "ሩሄ" ከምትለው ጸጥታ በቀር በዓለም ላይ ምንም የማትወድ ሴት ናት። አንድ ቅዳሜ በሬን አንኳኳች።

"እርስዎ እግርዎን እኩል አይረግጡም" አለችኝ።

"ይቅርታ?"

"ግራው ዷ ይላል፣ ቀኙ አይሰማም። ዷ፣ ዝም። ዷ፣ ዝም። ሁለቱም ቢጮሁ እለምደው ነበር። ቀኙ መቼ ይመጣል ብዬ ስጠብቅ ዕረፍት አጣሁ።"

"ስለዚህ ቀኙንም ላስጩኸው?"

"አይ፣ ማነከስ በቤቱ ደንብ አልተከለከለም። ግን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።"

በዚህ አገር መታመሜን ለማወቅ የመጀመሪያዋ ሰው እንቅልፏን የፈለገች ሴት ሆነች። ይህ ደግነት ይሁን ክፋት እስካሁን አልገባኝም።

ሐኪሙ ተረከዜን በአውራ ጣቱ ተጭኖ፣ ከእግሬ ሥር የተዘረጋው ጅማት ተጎድቷል አለና ወደ ሾክዌቭ ሕክምና መራኝ። ኤሌክትሪክ ሊያስይዙኝ ነው ብዬ እያማተብሁ ገባሁ። መሣሪያውን የያዘው ጢማም ወጣት ሳቀብኝ። "ኤሌክትሪክ አይደለም፣ የግፊት ሞገድ ነው። ሰውነትዎ ጉዳቱን ለምዶ መጠገኑን ትቶታል፤ እኛ እያንኳኳን እናስታውሰዋለን።" እኔ አስቀድሜ አንብቤ ነበር፤ አንዱ ያወድሰዋል፣ ሌላው ይጠራጠረዋል። በጠባዬ ሁለቱንም ወገን አላምንም። ቀዝቃዛ ጄል ቀባኝና መሣሪያውን ተረከዜ ላይ አሳረፈው፤ ተተተተተ! አንጎሌ ድረስ ተሰማኝ።

"ያምዎታል?"

"ደህና ነው።"

ከፍ አደረገው። "አሁንስ?"

"ጎት ዛይ ዳንክ" አልሁት፤ በእነሱ ቋንቋ እግዚአብሔር ይመስገን ማለት ነው።

መሣሪያውን አጠፋና አፈጠጠብኝ። "እግዚአብሔርን አይደለም የጠየቅሁት፣ እርስዎን ነው። ግንባርዎ በላብ ርሷል፣ አፍዎ ደህና ነው ይላል። የቱን ልመን? ትክክለኛውን ቦታ የማገኘው 'እዚህ ጋ ነው' ሲሉኝ ነው። ካልነገሩኝ ጤነኛውን ሥጋ ስደበድብ መዋሌ ነው። ከዜሮ እስከ ዐሥር፣ ስንት ነው?"

ግራ ገባኝ። እኛ እኮ ከቀብር ስንመለስ እንኳ እንዴት ነህ ስንባል እግዚአብሔርን የምናመሰግን ሰዎች ነን! ሕመም በቁጥር ሲጠራ ሰምቼም አላውቅ። በመጨረሻ፣ ሰው እንደማሳጣ ሁሉ ድምፄን ዝቅ አድርጌ "ስምንት" አልሁ።

"ግሩም!" አለ ፊቱ በርቶ። "እዚያው ነው!"

በመታመሜ እንዲህ የተደሰተልኝ ሰው የለም።

በየሳምንቱ እየሄድሁ ተንኳኳሁ። እያደር ሻለኝ፤ በሞገዱ ይሁን፣ ባዘዘልኝ ስፖርት ይሁን፣ በአዲሱ ጫማ ይሁን እንጃ። ፍራው ክሩገር ደረጃ ላይ አግኝታኝ "አሁን እኩል ነዎት" አለችኝ፤ ዜግነት የሰጠችኝ ያህል ነው የተሰማኝ። መጨረሻ ቀን ጢማሙ "ከቤተሰብዎ እንዲህ የሚያመው አለ?" ሲለኝ፣ "የለም" ብዬ ወጣሁ።

አውቶቡስ ስጠብቅ ነው ትዝ ያለኝ። እናቴ ጠዋት ከመደብ ስትወርድ ግድግዳውን ትደገፍ ነበር። የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች በእግሯ ጣቶች ነበር የምትሄደው። "ምነው?" ስንላት "አፈሩ በረደኝ" ትላለች። እኔም አፈሩ ከበረዳት ብዬ፣ ከዚህ ገንዘብ ልኬ ወለሉን በሲሚንቶ አስለሰንሁላት። በሲሚንቶ! እኔ የሄድሁትም ጎሕ ሳይቀድ ነው፤ ገና ከመኝታዋ ቀና ባለችበት ሰዓት። እንግዲህ ቅያሜ ነበር ወይስ ተረከዝ?

እሑድ ደወልሁ። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋ የያዘችላት አብራት የምትኖረው ታናሽ እኅቴ የሺ ናት።

"እማ፣ እግርሽን ያምሻል?"

"ኧረ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አንተስ?"

"ተረከዜን ታምሜ ነበር። ከዐሥር ስምንት።"

"ፈተና ነው እንዴ?"

"እንደዚያ ያዥው። አሁን ሁለት ደርሷል። ያንቺስ ስንት ነው?"

ጥቂት አሰበች። "የኔም ሁለት ነው።"

"የራስሽን ነው እኮ የምጠይቅሽ!"

"ታዲያ ካንተ በልጬ ልታመም?"

አሁን ደፈርሁ። "የሄድሁ ለታ ከመደቡ ያልተነሣሽው ተቀይመሽኝ ነው?"

"ይህን ነው ተሸክመህ ስትዞር የከረምኸው?" አለችኝ። መልሱን ግን አልሰጠችኝም፤ ስለ ላሟ ጀመረች።

ያኔ ፍራው ክሩገር ትዝ አለችኝ። "የሺ፣ ስልኩን ወለሉ ላይ አስቀምጪው። እማ እስከ በሩ ሄዳ ትመለስ።"

"ጋሸ፣ ምን ነካህ?"

"አስቀምጪው አልሁሽ።"

ሹክሹክታ ሰማሁ። ከዚያ ሲሚንቶው ላይ ኳ፣ ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ዓይኔን ጨፍኜ የሚጎድለውን እርምጃ ጠበቅሁ። የሚጎድል የለም፤ እኩል፣ ቀልጣፋ። ደስ ሊለኝ ሲል፣ ከስልኩ አጠገብ፣ ከመደቡ በኩል፣ እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፦

"ቀስ በይ እንጂ የሺ! እኔ እንዲህ እሮጣለሁ?"

እርምጃው ዝግ አለ። ኳ... ኳ... ኳ።

"ሰማህ ልጄ?" አለችኝ ጮክ ብላ።

"ሰማሁ እማ" አልሁ። "እግዚአብሔር ይመስገን።"