በዘብ ቅያሬ የሚዋጥ ኪኒን

ቦንጋ ካለችው መድኃኒት ቤቴ ሲወስዱኝ ነጭ ጋዋኔን እንኳ አላወለቅኩም። የእስር ክፍሉ በር ሲከፈት መጀመሪያ የመታኝ የላብና የእርጥብ ሲሚንቶ ሽታ ነው። ጥግ ላይ ካርቶን አንጥፈው የተጋደሙት የማንኪራ መንደሩ ንብ አናቢ ሽማግሌ ነበሩ። ከምርጫው በፊት በድብቅ የተሰበሰብነው እሳቸው ቤት ነው። መርማሪው የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ስብሰባውን ማን ጠራው? የጠራሁት እኔ ነኝ። ይህን ከእሳቸው አፍ ካገኘ አለቀልኝ።

ሽማግሌው አዩኝ። "ለእንግዳው ቦታ ልቀቁለት" አሉና ከዚያ በፊት አይተውኝ እንደማያውቁ ሁሉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ።

ሲያዙ ከመኪና ተገፍትረው ወድቀው የጎን አጥንታቸው ተሰብሯል። ሆስፒታል ትራማዶል የሚባል ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ አዞላቸዋል። ክፍላችን ደግሞ የራሱ ሕግ አለው፤ ከቤተሰብ የሚገባ ሁሉ፣ ቆሎም ይሁን ስኳር፣ ካቦ የምንለው የክፍሉ አለቃ ዘንድ ይቀመጥና እሱ ያድላል። ኪኒኑንም እንደ ስኳሩ ያዘው። ካቦው ደግ ሰው ነበር፤ ጉዱም የመጣው ከደግነቱ ነው። ሽማግሌው ባቃሰቱ ቁጥር አንድ ያጎርሳቸዋል። በዚያ ላይ ባለቤታቸው "ብርዝ ነው" ብለው በዘቡ በኩል የሚያሳልፉት ጠጅ አለ። እዚህ አገር ለታመመ ሰው ከማር የተሻለ ምን ይሰጣል? ማንም ክፉ አላሰበም።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ማንኮራፋታቸው አላማረኝም። ትንፋሻቸው ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ከቆየ በኋላ ደግሞ ይመጣል። የዓይናቸውን ቆብ ብገልጠው ብሌናቸው የመርፌ ጫፍ አክሏል። ከንፈራቸው ጠቁሯል። ስንት ፍሬ እንደሰጣቸው ካቦውን ብጠይቀው አያውቀውም። ጠጁንስ? አዎ፣ ከምሳው ጋር ጠጥተዋል። እኔ ስናደድ አፌ ክፉ ነው፤ ያን ቀን ያልኩትን እዚህ አልጽፈውም።

ቀና አድርገን አስቀመጥናቸው። በሩን ብንደበድብ ዘቡ አድማ የተጀመረ መስሎት መሣሪያውን አቀባበለ። ዘቡ አለቃውን እስኪያመጣ ድረስ ማስተኛት የለም አልኩ፤ እንቅልፉ ከበረታ ትንፋሹን ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ማስወራት ነበረብን። ቀፎ ዛፍ ላይ እንዴት እንደሚሰቀል፣ ንቡ በየትኛው አበባ እንደሚገባ እየተቀባበልን ጠየቅናቸው። እሳቸውም አንዴ በካፊኖኖ፣ አንዴ በአማርኛ ያጉተመትማሉ።

ያኔ ነው ስለ ራሴ የፈራሁት። በዚያ ስካር ውስጥ ስሜ ቢያመልጣቸውስ? ከመካከላችን ለመርማሪው ወሬ የሚያቀብል እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ግን ዝም ካሉ ይሞታሉ። "አባባ፣ ያውሩኝ እንጂ" እያልኩ ጉንጫቸውን መታ መታ አደርጋለሁ። ያወሩት ስለ ንብ ብቻ ነው። በመጨረሻ ሆስፒታል ወሰዷቸው፤ በማግስቱ ደክመው፣ ግን በሕይወት ተመለሱ።

ከዚያ ወዲያ ሥርዓት አበጀን። የእጅ ሰዓት ስለተወሰደብን በዘብ ቅያሬ ቆጠርን፤ ዘብ በቀን ሦስቴ ይቀየራል፣ በቅያሬው አንድ ፍሬ። ከዚያ በፊት ቢያቃስቱም የለም። ጠጅ እርም ነው። መድኃኒቱ ሆድ ስለሚያደርቅ ውኃ ይጠጡ፣ ስለሚያዞር ሲነሱ ደግፏቸው አልኩ። በድንገት ቢቋረጥም ያሰቃያል፣ ቀስ እየተባለ ነው የሚቀነሰው ብዬ ጨመርኩ። ይህችን የመጨረሻዋን ያ ወሬ አቀባይ ወስዶ አደረሳት መሰለኝ፤ መርማሪው ኪኒኑን በሙሉ ለቅሞ ወደ ቢሮው ወሰደው።

የማታው ቅያሬ አለፈ፣ የሌሊቱም አለፈ። ሽማግሌውን ላብ አጠመቃቸው። ያዛጋሉ፣ አፍንጫቸው ይፈሳል፣ እግራቸው አርፎ አይቀመጥም፤ በተንቀሳቀሱ ቁጥር ደግሞ የተሰበረው ጎናቸው አለ። የጠዋቱ ዘብ ከተቀየረ ቆይቶ መርማሪው አንድ ካፕሱል መዳፉ ላይ አድርጎ ገባ።

"አንድ ስም ንገረኝና ዋጣት" አላቸው።

መዳፉን አዩት። ዓይናቸው ከዚያ አልነቀል አለ። ወደ እኔ ግን ዞር አላሉም። ግድግዳውን ተደግፈው ቀስ ብለው ተቀመጡ፤ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ።

"ሰዓቱ ገና ነው" አሉ።

መርማሪው ሳቀና ወደ እኔ ዞረ። "የመድኃኒት ሰው አንተ ነህ። ሰዓቱ አልደረሰም?"

በመድኃኒት ሰዓት ዋሽቼ አላውቅም ነበር። ክፍሉ በሙሉ ዘብ መቀየሩን ያውቃል፤ መርማሪውም ያውቃል። ደርሷል ብል ሽማግሌውን ብቻቸውን ጥያቸው መሄዴ ነው።

"ገና ነው" አልኩ።

ካፕሱሉን ኪሱ ከቶ ወጣ። ሽማግሌው ያን ሳምንት እንዴት እንዳለፉት እኔና ግድግዳው እናውቃለን። ስሜን አልጠሩም።

አሁን ሽማግሌው አርፈዋል፤ እኔም ተፈትቼ ወደ መድኃኒት ቤቴ ተመልሻለሁ። ትራማዶል የታዘዘለት ሰው ሲመጣ በየስንት ሰዓቱ እንደሚወሰድ እነግረዋለሁ፣ መጠጥ እንዳይነካ አስጠነቅቀዋለሁ፣ ሰምቶኝ እንደሆነ ለማወቅ እሱኑ መልሶ እንዲነግረኝ አደርጋለሁ። አንዳንዱ ይሰለቻል። "ሰዓቱ ሳይደርስ ሕመሙ ቢብስብኝስ?" የሚለኝም አለ። ሐኪምህ ጋ ተመለስ እንጂ በራስህ አትጨምር እለዋለሁ። ሰዓቱ አልፎባቸው፣ ለእኔ ሲሉ ገና ነው ያሉ ሰው እንደነበሩ ግን አልነግረውም።