ካሴት የሚቀበለው ጌም ማጫወቻዬ

ትልቁ ልጄ ሳሎኑ በር ላይ፣ ሴቷ ልጄ መደርደሪያው አጠገብ፣ የልዋጭ ነጋዴው ደግሞ ማዳበሪያውን ይዞ ደጁ ላይ ቆመው ነበር። እኔ ከገበያ ገና መግባቴ ነው። ልጆቼ ለአረፋ ከአዲስ አበባ ቡታጅራ ሲመጡ ቤት ማጽዳት ይወዳሉ።

ሴቷ ልጄ አዲስ ሳፋ ይዛለች። በልዋጩ የሰጠችው የእኔን ጌም ማጫወቻ ነው።

«እማ፣ ሁለት አይደል እንዴ ያለሽ? አሮጌውን ነው የሰጠሁት» አለችኝ።

ሁለቱም የድሮ ጌሞችን እንዲያጫውቱ አንድ ፋብሪካ የሠራቸው ናቸው። የመጀመሪያው የጌም ካሴት ይቀበላል። በሁለተኛው ላይ የካሴቱን ቦታ ደፍነው ጌሞቹን ውስጡ ጫኑበት። እሱም ገዢ ስላጣ ፋብሪካው ሁለቱንም መሥራት ተወ። ጌም ቤት ከነበረኝ ጊዜ የተረፉት ካሴቶቼ የሚሠሩት በአሮጌው ብቻ ነው።

«የሠሩት ሰዎች እንኳ ተስፋ የቆረጡበት ዕቃ ነው» አለ ወንዱ። «ደግሞ በዚህ ዕድሜሽ ጌም! ጎረቤት ምን ይላል?»

«እነሱ ይቁረጡ፤ እኔ አልቆረጥኩም። ጎረቤትም መሸነፍ ካማረው ይምጣ» አልኩት።

ነጋዴው ሳቀ። «እናቴ፣ ልዋጭ እኮ አይመለስም።»

«ባለቤቷ ሳታውቅ የተሰጠ ልዋጭ አይባልም» አልኩና ሳፋውን ከልጄ ተቀብዬ እግሩ ሥር አስቀመጥኩ። ማዳበሪያውን ራሴ ፈትቼ ማጫወቻዬን አወጣሁ።

«ጽዳታችሁን ጨርሱ» አልኳቸው። «እኔ እህቴ ቤት ሄጄ እጫወታለሁ።»

ካሴቶቹን በሻርፔ ቋጥሬ ወጣሁ።