የገብስ ክሪክ

ባለፈው ማክሰኞ የደም ግፊቴን ልለካ ጤና ጣቢያ ሄጄ፣ አግዳሚው ላይ ተራዬን ስጠብቅ አንድ ሽማግሌ ከዘራውን እያንኳኳ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ማን እንደሆነ ለማወቅ ቀና ማለት አላስፈለገኝም። ከዲር በሳሙና ቢፈትገው የማይለቅ የመኪና ዘይት ሽታ አለው፤ ጋራዡን ለልጆቹ ካስረከበ ቆይቷል፣ ሽታው ግን አብሮት ጡረታ አልወጣም። ስለ ጤናዬ ጠየቀኝ፣ ስለ ልጆቼ ጠየቀኝ፣ ዘንድሮ ዝናቡ እንደዘገየ ነገረኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገና፣ "ራድያ፣ እንግዲህ ሁለታችንም አርጅተናል። እስቲ ንገሪኝ፣ ያኔ ያን ካምቢዮ በማን ክሪክ አነሳችሁት?" አለኝ።

በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ያለ ደስታ ይገጥመኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር። አርባ ዓመት ገደማ ሆድ ሆዱን ሲበላው ኖሯል ማለት ነው። እኔ ደግሞ ይህን ሁሉ ዘመን ረስቶታል እያልኩ ስናደድ ነበር።

አባዬ የገብስ ነጋዴ ነበር። አንዲት ሰማያዊ ፒካፕ ነበረችው፤ ወንድ ልጅ ስላልነበረው መንዳት ያስተማረው እኔን ነው። ከጢቾ ገበያ ገብስ ጭኜ ወደ አሰላ ስመለስ መንገዱ በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አቧራ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ውርጩ መስታወቱን ስለሚሸፍነው በነጠላዬ ጫፍ እየጠረግሁ ነበር የምነዳው። ኪሴ ውስጥ ትኩስ የገብስ ቆሎ አይጠፋም። ዛሬም መኪና ውስጥ ስቀመጥ ጥርሴ ቆሎ ይፈልጋል። የከተማው ወንዶች ሳልፍ ይሳሳቁ ነበር፤ ከሁሉም የሚብሰው ግን ከዲር ነው። የሴት እግር ከፍሪሲዮን ፔዳል ላይ መነሳት አያውቅም፣ እያለ ያስቃቸዋል። ያን እያለ ደግሞ እኔኑ ሊያገባ ያስብ ነበር። ይህ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

በከተማው አንደኛ መካኒክ እሱ ነበር፤ ይህን አልክድበትም። ታዲያ ያን ዓመት አዝመራው ከገባ በኋላ የፒካፗ ፍሪሲዮን መንሸራተት ጀመረ። ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ አትሄድም። የተቃጠለ የፍሪሲዮን ሸራ እየሸተተኝ ከጢቾ እየተንፏቀቅሁ ግቢያችን አደረስኳት፤ ከዚያ ወዲያ ንቅንቅ አልል አለች። ከዲር የመኪና ማንሻ ክሪኩን ይዞ እቤት ድረስ መጣ፣ መኪናዋን ግንድ ላይ አሳረፋት፣ ካምቢዮውን አወረደ፣ የተቃጠለውን ሸራ አውጥቶ ጣለ። ሽማግሌ የላከውም በዚያው ሳምንት ነው። የመኪናቸው ሆድ ተዘርግፎ ሳለ እምቢ አይሉኝም ብሎ ሳያስብ አልቀረም።

አባዬ ፈቃዴን ጠየቀኝ። እኔ ደግሞ ልቤን የሰጠሁት ለጀማል ነበር፤ የአቦምሳ ልጅ፣ አስተማሪ፣ ንግግሩ ለስላሳ፣ ስለ መኪና ምንም የማያውቅ። ሽማግሌዎቹ በክብር ተሸኙ። በማግስቱ ከዲር መጥቶ ቁልፎቹን ለቃቀመ፣ ክሪኩን ተሸከመ። በሩ ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ፣ ጫኝና አውራጆቹ ሁሉ እየሰሙ፣ "የሴት እግር የበላውን ፍሪሲዮን የሴት እጅ ይግጠመው" ብሎ ሄደ።

አባዬን ያዋረደበት መንገድ ነው ያንገበገበኝ። አባዬ በሰው ፊት ክፉ ቃል የማይወጣው ሰው ነበር። ከዚያ በኋላ ወደ ሌሎቹ መካኒኮች ላክን። አንዱ ታምሜያለሁ አለ፣ አንዱ ለቅሶ አለብኝ አለ፣ ሌላው ደግሞ ያን ዓይነት መኪና አልሠራም አለ፤ ያን ዓይነት መኪና ሲሠራ ግን በዓይኔ አይቼዋለሁ። ከዲር ሁሉንም እንዳስጠነቀቃቸው ገባኝ። የሰርጌ ቀን ተቆርጦ ነበር። ጀማል ከአቦምሳ መኪና ይዤ እመጣለሁ ብሎ ላከብኝ። እኔ ግን ንዴቴ አፌን ቀድሞት፣ "ወላሂ ከዚህ ግቢ በአባዬ መኪና ካልሆነ አልወጣም፤ ስወጣም በከዲር ደጃፍ ነው የማልፈው" አልኩ። እማዬ ጉንጯን ያዘች። በቤታችን ወላሂ ተብሎ ቀልድ የለም። መኪናዋ ካልተነሳች ወይ መሐላዬ፣ ወይ ሰርጌ ሊፈርስ ነው።

አባዬ አዲሱን ሸራ ከአዳማ አስመጣ። ካምቢዮ የማርሾቹ ቤት ነው፤ ከሞተሩ ጀርባ ይለጠፋል። ከፊቱ ጥርስ ያለው ዘንግ ይወጣል። ያ ዘንግ በሸራው መሐል ባለው ቀዳዳ አልፎ፣ ከሞተሩ ጀርባ ያለች ትንሽ ጉድጓድ ውስጥ መግባት አለበት። ሸራው ትንሽ ወደ ጎን ካለ አይገባም፤ ካምቢዮው ትንሽ ካጎነበሰም አይገባም። እኛ መጀመሪያ ሸራውን በዓይን ግምት አሰርን። ጫኝና አውራጆቹ ካምቢዮውን በገመድ አንጠልጥለው ሲገፉ ዋሉ። አልገባም። በመጨረሻ ገመዱ ተንሸራተተና ካምቢዮው ሲወርድ የአባዬን ጣት ጨፈለቀው። ጥፍሩ ወዲያው ጠቆረ። ሰዎቹም ተስፋ ቆርጠው ሄዱ። መጋዘኑ ገብቼ የገብስ ጆንያ ላይ ተቀምጬ በንዴት አለቀስኩ፤ እያለቀስኩም ከዲርን ስረግም ነበር፣ የረገምኩትን እዚህ አልጽፈውም።

ለቅሶዬ ሲወጣልኝ ተነስቼ የተቀመጥኩበትን አየሁ። ጆንያው የእኔን ቅርጽ ይዞ ጎድጉዷል። እጄን ባሳርፍበት የእጄን ቅርጽ ያዘ። ከባድ ነገር ሳያንሸራትት አቅፎ የሚይዝ፣ ደግሞም ሲፈለግ ዝቅ የሚል ነገር መጋዘኑን ሞልቶ ተቀምጧል፣ እኛ ግን የከዲርን ክሪክ ስንመኝ ነበር።

መጀመሪያ ሸራውን ፈታነው። የመጥረጊያ እንጨት ቆርጬ ጫፉን በቢላ አሾልሁት፣ ወገቡን በጨርቅ ጠቀለልሁት፣ በሸራው ቀዳዳ አሳልፌ ጫፉን ትንሿ ጉድጓድ ውስጥ ሰካሁት። እንጨቱ እዚያው እያለ ሸራውን አሰርነው። እንጨቱን ስስበው እንደ ቁልፍ ሾልኮ ወጣ። ቀጥለን ጆንያዎቹን መኪናዋ ሥር ደረደርን፤ ካምቢዮውን በሳንቃ እያንሸራተትን ከላይ አወጣነው። ካምቢዮው ከሚገጥምበት ቦታ ትንሽ ከፍ ብሎ ተቀመጠ። እኔ ጆንያውን ቀድጄ ገብሱን ላፈስ ቢላዬን ይዤ ልገባ ስል እማዬ አስቆመችኝና፣ እህል መሬት ላይ አይፈስም ብላ ከጆንያው ሥር ጀንዲ አነጠፈች። የሰርጉ ነገር ቢያስጨንቃትም የገብሱ ነገር በለጠባት።

በጀርባዬ ተኝቼ የጆንያውን ጥግ ትንሽ ቀደድሁት። ገብሱ ፈሰሰ፣ ካምቢዮውም ዝቅ አለ። ቀዳዳውን በጨርቅ ስወትፈው ይቆማል። አፍንጫው ሲያጎነብስ ከኋላ አፈስሳለሁ፤ ቀና ሲል ከፊት። የገብሱ አቧራ ዓይኔ ውስጥ ይገባል፣ ያስነጥሰኛል፣ ዶሮዎቹ ጆሮዬ ሥር ይለቅማሉ። አባዬ በደህናው እጁ የካምቢዮውን የኋላ ጫፍ ቀስ አድርጎ ሲያዞር፣ እኔ በጉልበቴ ስገፋ፣ አንድ ጊዜ የዘንጉ ጥርስ ከሸራው ጥርስ ሲገናኝ ተሰማኝ። ገፋሁ። ጠቅ ብሎ ገባና ከሞተሩ ጋር ገጠመ። ቡሎኖቹን አንድ በአንድ ሳጠብቅ የከዲርን ጆሮ የምጠመዝዝ ይመስለኝ ነበር። አባዬ መኪናዋ ሥር ተንበርክኮ እያየ፣ "ኢንተላ ኮ" አለኝ። ልጄ ማለት ነው።

የሂና ቀን ሴቶቹ እጄን ይዘው ተንጫጩ። ጥፍሬ ሥር የገባው ግሪስ በሎሚም፣ በአሸዋም፣ በስኳርም አልወጣም። እማዬ ሙሽራ ሂና ትቀባለች እንጂ ግሪስ አትቀባም እያለች እያጉረመረመች ሂናውን ከላይ ደረበችበት። የፈሰሰውን ገብስ ግን ለቅማ፣ አበጥራ፣ ቆልታ አስፈጨችውና በቅቤ ለውሳ የሰርጌን ጭኮ አዘጋጀችበት። እኔም ከዚያ ጭኮ አንድ ሳህን ሞልቼ፣ ከአናቱ ቅቤ ጨምሬ፣ ለጎረቤት ወግ ነው በሚል ለከዲር ቤት አስላክሁ። ያን የማደርገው ለምን እንደሆነ ማንም አልጠየቀኝም። ሳህኑ ተጠርጎ፣ ስኳር ተሞልቶበት ተመለሰ። እናቱ፣ ከዲር ለማንም ሳያስተርፍ ጨረሰው ብላ አመሰገነች።

በሰርጉ ቀን ሁሉም አባዬ ቁልፉን ለሚዜው ይሰጠዋል ብሎ ሲጠብቅ፣ በጠቆረ ጥፍሩ ይዞ መጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠው። ሰርገኛው እርስ በርሱ ተንሾካሾከ። ጀማል ብቻ ምንም እንዳልተፈጠረ ዞሮ በሌላው በር ገባና አጠገቤ ተቀመጠ። ይኸው ዛሬም መንዳት አይችልም፤ ዛሬም አጠገቤ ነው የሚቀመጠው።

ከተማውን ስንዞር መኪኖቹ ከኋላዬ ጥሩንባ እየነፉ ይከተሉኛል። የከዲር ጋራዥ ያለው የዳገቱ ወገብ ላይ ነው። ደጃፉ ላይ ሻይ ይዞ ቆሟል። ልክ ፊት ለፊቱ ስደርስ ቆምኩ። ኋላ ያለው ሰልፍ ሁሉ ቆመ። ሰው መኪናዋ ተበላሸች ብሎ ተንጫጫ። ከዲር ፈገግ ሲል አየሁት፤ ከዚያ ዓይኑን የኋላ ጎማዬ ላይ ተከለ። ዳገት ላይ ቆሞ መነሳት የመካኒክም የሾፌርም ፈተና እንደሆነ እሱም እኔም እናውቃለን። ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርጌ ስለቅ ሞተሩ ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ ሸራው ያዘ። የእጅ ፍሬኑን ለቀቅሁ። ጎማው አንዲት ጣት ታህል ወደ ኋላ አልተንሸራተተም። ሂናና ግሪስ የተቀባውን እጄን በመስኮቱ አውጥቼ አሳየሁት። በመስታወቱ ሳየው ሻዩን መሬት ላይ ደፍቶ ወደ ውስጥ ሲገባ ነበር።

ይቅር በይው፣ አሮጊት ሆነሻል የሚሉኝ አሉ። ሌላውን ሁሉ ይቅር ብያለሁ። የከዲርን ግን አልፈልግም። አባዬ ካለፈ ብዙ ዘመኑ ነው፤ ያቺ የጠቆረች ጥፍሩ ግን ከፊቴ አትጠፋም፣ ቂሜን ብጥለው እሷን የምጥላት ይመስለኛል። ደግሞም እውነቱን ለመናገር፣ ቂሜ ጤናዬን አልጎዳውም።

ማክሰኞ ዕለት ከዲር መልሴን እየጠበቀ ከዘራውን አጥብቆ ይዞ ነበር። የማንን ስም እንደሚጠብቅ አውቃለሁ፤ ከእነዚያ መካኒኮች አንዱ ከድቶኛል ብሎ ሲጠረጥር ነው የኖረው። በዚያ መሐል ነርሷ ስሜን ጠራች። ተነሳሁና፣ "ክሪኩንማ አንተ ራስህ ነህ የበላኸው፤ ሳህኑን ጠርገህ" አልኩት።

"ምን ማለትሽ ነው?" አለ። ወደ ነርሷ ክፍል ገባሁ።

ነርሷ ግፊቴን ለካችና ዛሬ በጣም ጥሩ ነው፣ እንዲሁ ይቀጥሉ አለችኝ። ከእኔ ቀጥሎ የገባው እሱ ነበር። ነጠላዬን ለመልበስ ሆን ብዬ በሩ ላይ ቆየት አልኩ። "ምነው አባባ፣ ዛሬ ግፊትዎን ምን ነካው?" ስትለው ሰማሁ።