አድራሻው በተቀየረ ቁጥር

ትናንት ምሳ ላይ ስልኬ ጮኸ። ጅማ፣ ጅሬን ሰፈር ካለው ቤታችን የመጣ ኢሜይል ነው፦ «የቤቱ የኢንተርኔት አድራሻ ተቀይሯል፤ አዲሱ ቁጥር ይኸው።» የላከችው በወጣትነቴ የጻፍኳት ትንሽ ፕሮግራም ናት። እስካሁን ትሠራለች። ስለ እሷ ጉራዬን ነዝቼ አልጠግብም።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። አጋሮ፣ በአንድ የቡና ገበሬዎች ማኅበር ቢሮ በጊዜያዊነት ተቀጥሬ የገበሬዎቹን ማሳ በካርታ አነሳ ነበር። ሁለት ዓመት በጭቃው መንገድ ስወጣ ስወርድ የሠራሁት ካርታ ያለው ጅማ፣ እናቴ ቤት፣ ኮምፒውተሬ ላይ ነው። የቢሮው ኮምፒውተር የቫይረስ መናኸሪያ ስለነበር አላምነውም። ስለዚህ አጋሮ ቁጭ ብዬ የቤታችንን የኢንተርኔት ቁጥር እያስገባሁ ካርታዬን ከሩቅ እከፍታለሁ። ችግሩ፣ ሞደሙ ጠፍቶ በበራ ቁጥር ቁጥሩ ይለወጣል፤ የድሮው የትም አያደርስም። ፕሮግራሟን የጻፍኩት ለዚህ ነው። በየአምስት ደቂቃው ቁጥሩን ታያለች፤ ከተለወጠ አዲሱን በኢሜይል ትልክልኛለች።

ጥቅምት ላይ፣ ቡናው መቅላት ሲጀምር፣ ቡናው ከማን ማሳ እንደሚመጣ የሚያጣሩ ገዢዎች ካርታውን ሊያዩ መጡ። ከወደዱት ቋሚ ሠራተኛ እሆናለሁ፤ ካልሆነ ውሌ በዚያው ወር ያልቃል።

አለቃዬ አቶ ነጋሽ ቀደም ብለው «በፍላሽ ገልብጠሽ አምጪው» ብለውኝ ነበር።

«አያስፈልግም ጋሼ፤ ከዚሁ እከፍትልዎታለሁ» አልኩ። ልታይ ልታይ ማለት እወድ ነበር።

እንግዶቹ ከኋላዬ ቆመው ቁጥሩን አስገባሁ። ዝም። ደገምኩት። ዝም። ኢሜይልም አልመጣም። የአጋሮ ፀሐይ አናት ትበሳለች፤ ምን እንደተፈጠረ ግራ ገባኝ። ውጭ ወጥቼ እናቴ ጋ ደወልኩ።

«ኮምፒውተርሽን ከነሞደሙ ነቅዬዋለሁ» አለችኝ። «እዚህ በከካው ሰማዩን እየሰነጠቀው ነው።» መብረቁን ማለቷ ነው። በእኛ ሰፈር ሰማይ ካጉረመረመ ሶኬት ላይ የሚተው ዕቃ የለም።

«ሃርሜ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ ሰኪልኝ! እንጀራዬ ነው!»

«ወላሂ አልሰካም» ብላ ዘጋችው።

እየተናደድኩ ተመልሼ ገባሁ። ለእንግዶቹ ግን ፈገግ ብዬ «ጅማ እየዘነበ ነው፤ ሲያባራ ይከፈታል፣ ግድ የላችሁም» አልኩ። አቶ ነጋሽ የአቮካዶ ጁስ አስመጡ። ወፍራም ነበር፣ በማንኪያ የሚበላ። እንግዶቹ ጠጥተው ጨርሰው ሰዓታቸውን ማየት ጀመሩ፤ እኔ የአቶ ነጋሽን ዓይን እሸሻለሁ። ሁለተኛው ዙር ሲቀርብ ኢሜይሉ ገባ። ዝናቡ አባርቶ እናቴ ሰክታዋለች! አዲሱን ቁጥር አስገባሁ፤ ማሳዎቹ ከነባለቤቶቻቸው ስም ዝርግፍ አሉ። በሳምንቱ ቋሚ ሆንኩ።

እንግዶቹ በመጡበት ሳምንት ቅዳሜ እናቴን ልወቅሳት ተዘጋጅቼ ጅማ ገባሁ። የጎረቤታችን ቴሌቪዥን ጠቁሮ ደጅ ተቀምጧል። በዚያው ዝናብ፣ ከእኛ ጋር በሚጋሩት የመብራት መስመር መብረቅ ገብቶ አቃጥሎት ነው። ወቀሳዬን ትቼ ወደ ማድ ቤት ገባሁ።

«ሁለት ዓመት ጎንበስ ብለሽ ስትለፊበት አይቻለሁ» አለች እናቴ፣ ጎመን እየከተፈች። «አንቺው ብታዢኝም አላስቃጥለውም።»

ይህን ታሪክ ለስንቱ አውርቼዋለሁ! በእኔ አፍ ግን ሁልጊዜ የሚያልቀው ካርታው ሲከፈት ነው። ፕሮግራሟ ቁጥሩ መለወጡን ነገረችኝ እንጂ ካርታውን ያተረፈችው እናቴ ናት። ይህን ለማለት እስክሸብት መቆየቴ ያሳፍረኛል። ትናንት ከሰዓት ቤት ገብቼ አጠገቧ ቁጭ ብዬ፣ ለሰው ሁሉ ሳወራው የኖርኩትን ታሪክ አሁን ግን የጎረቤታችንን ቴሌቪዥንም ጨምሬ ነገርኳት። ዕድሜዋ ገፍቷል፣ ጆሮዋ ግን ደህና ነው። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና፣

«ታዲያ እስከ ዛሬ ምን ብለሽ ስታወሪ ኖርሽ?» አለችኝ።